የግሌኒስ በር

ጎረቤቴ ክሊፎርድ የአሮጌ መኪናውን ሸራ የገለጠ ዕለት አንዲት ድመት ከነልጆቿ ቤት አልባ ሆነች። ከሸራው ሥር የወጣችውን ነገር መኪና ብሎ ለመጥራት ትንሽ እምነት ይጠይቅ ነበር። አረንጓዴ ቀለሟ ተላልጧል፣ መቀመጫዎቿ ሻግተዋል፣ የጭስ ማውጫ ማርሜታዋ ሲነኩት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል።

«እንዴት ናት?» አለኝ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ።

«ቀብሯ በስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።

ክሊፎርድና ሚስቱ ግሌኒስ ይህችን መኪና የገጣጠሟት አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ ነው። ያኔ እንዲህ ያሉ የስፖርት መኪናዎች ተፈታተው በሳጥን ይመጡ ነበር፤ ገዢው ከሌላ አሮጌ መኪና ሞተርና ካምቢዮ ነቅሎ፣ ፋይበርግላስ ከሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር የተሠራውን አካል ከላይ ጭኖ፣ እቤቱ ይሠራታል። ካርቡራተሯ የተገጠመው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ቅቤውና ዳቦው መሃል ነበር። አረንጓዴውን የመረጠችው ግሌኒስ ናት፤ በጎኗ የሚሄደውን ነጣ ያለ መስመር በብሩሽ የቀባችውም እሷው። እሁድ እሁድ በመኪናዋ ባሕር ዳር እስካለችው ፋይሊ ከተማ ድረስ እየሄዱ፣ ባሕሩን እያዩ ዓሣና ድንች ይበሉ ነበር። ከዚያ ልጆች ተወለዱ። ሁለት መቀመጫ ላላት መኪና ልጅ መርዶ ነው፤ ሸራ ለበሰች።

አሁን ልጆቹ ቤት ለቀው ሄደዋል። ግሌኒስ ደግሞ ዳሌዋ በቀዶ ጥገና በሰው ሠራሽ ከተተካ ወዲህ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር አልነሳ ብላለች። ሱቅ እንሂድ ሲሏት «ነገ» ትላለች፤ እህቷ ነይ ስትላት «ሲሞቅ» ትላለች። አንድ ቀን ክሊፎርድ እኔን ሳይሆን የጓሮውን ጎመን እያየ፣ «ፋይሊ ልወስዳት ነው፤ በዚህችው። ያኔ እንኳ ከቤት ትወጣልኝ ይሆናል» አለ። ስለ ልቡ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ወዲያው ስለ ፍሬን ዘይት ማውራት ጀመረ።

የብርዱን ወራት ሁሉ ጋራዡ ውስጥ አሳለፈ። ሁሉንም ነገር እንደ ድሮው ነው የሚፈልገው፤ አንዲት ብሎን እንኳ የድሮዋ ዓይነት ካልሆነች አያስገባትም። እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ ከሥራ ስወጣ ጎራ እልና አምፖል እይዝለታለሁ፣ እግረ መንገዴን አሾፍበታለሁ።

ጸደይ ሲገባ፣ ፀሐይ በወጣበት አንድ እሁድ፣ ሞተሩ ተነሳ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መለሰለት። ግሌኒስ ካፖርቷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ከንፈሯን ሳይቀር ተቀብታ በምርኩዟ ወጣች።

መኪናዋ በር የላትም። ስትሠራም አልነበራትም፤ ጎኗን በእግር ተሻግሮ ነው የሚገባው። ግሌኒስ ትከሻዬን ይዛ እግሯን አነሳች። እግሯ መሃል ላይ ቆመ። ደግማ ሞከረች፤ እዚያው ቆመ።

«ልሸከምሽ?» አላት ክሊፎርድ።

«እንደ ድንች ጆንያ? ጎረቤት እያየኝ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ዓይኗ ጋ አልደረሰም። በአገጯ ወደ እኔ ጠቁማ፣ «ኔቪልን ይዘኸው ሂድ፣ የኔ ፍቅር። እኔ ምሳ ልሥራ።»

ገብታ የቤቱን በር ዘጋችው። ክሊፎርድ ሞተሩን አጠፋ።

«ሁሉን ነገር እኮ እንደ ድሮው አድርጌዋለሁ» አለ።

«ከእሷ በስተቀር» አልኩት። «የኔ አውቶቡስ ለአሮጊት ሁሉ ይንበረከካል። ቁልፍ ስጫን ጎኑን ዝቅ ያደርግላቸዋል። ይህቺ ወይዘሮ መኪናህ ግን ለንግሥትም ጎንበስ የምትል አይመስለኝም። በር አውጣላት!»

«አብደሃል? እንዲህ ያለችን መኪና ቆርጬ የአሮጌ መኪና ክበባችን ሰዎች ምን ይሉኛል?»

«ፋይሊ የምትወስደው እነሱን ነው እንዴ?»

ጋራዡን ዘግቶ ገባ። ለጥቂት ቀናት ሰላምታውም ቀዝቀዝ አለ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ አለና፣ «ና፣ ትፈለጋለህ» አለኝ።

«ለምን?»

«ለክብደትህ።»

በር ሊያወጣላት ወስኗል፤ የመኪናዋ ጎን ሲቆረጥ አቅሟ ስለሚደክም ከሥር ወፍራም የብረት ቱቦ በይዶበታል። አሁን ደግሞ ሰው ሲቀመጥባት ብረቱ ምን ያህል እንደሚወርድ አይቶ በሩን በዚያ ልክ ሊሠራ ነው።

«ግሌኒስ አትቀመጥም?»

«እሷ ሽቦ ናት። መኪናዋ አንተን ከቻለች ማንንም ትችላለች።»

ተቀመጥኩ። መኪናዋ አቃሰተች፤ እኔም። ክሊፎርድ የበሩ ግርጌ የሚሆነውን ቦታ ከነጩ መስመር በላይ፣ በጣም በቁጠባ፣ በእርሳስ ምልክት አደረገበት። መጋዙን ሊያስነሳ ሲል የኋላው በር ተከፈተ።

«ማንን ለክተህ ነው?» አለች ግሌኒስ።

«መኪናዋን።»

«መኪናዋ ናት የምትገባው?»

በምርኩዟ ቀስ ብላ መጥታ፣ ከጆሮው ላይ እርሳሱን ነጠቀች። ትከሻውን ይዛ እግሯን አነሳች፤ እስከቻለችው ድረስ ብቻ። «እዚህ ድረስ» ብላ አሰመረች። ከነጩ መስመር በጣም በታች ነበር።

«መስመሩ ይቆረጣል እኮ» አለ ክሊፎርድ። «አንቺ ነሽ የቀባሽው።»

«ታዲያ እኔው ነኝ ቁረጠው የምልህ።»

ቆረጠው። እኔ ውስጥ እንደተቀመጥኩ በፋይበርግላስ አቧራ እንደ ዳቦ ጋጋሪ ነጣሁ። ግሌኒስ ወንበሯን ከመስኮቱ ሥር አስወጥታ፣ ውጭ ተቀምጣ እስኪመሽ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ አልኩህ!» ስትል ዋለች። በሩ ተገጠመ፤ ትንሽ በዳሌ ገፋ ሲያደርጉት ጥርቅም ይላል። የምትገፋበትም ዳሌ አዲሱ ነው፤ በዚያ በጣም ኮራች።

እሁድ ሄዱ። የማርሜታው ድምፅ ከዋናው መንገድ ማዶ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁት። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ኔቪል፣ በሩ አልከፈት አለ።»

«ግሌኒስስ?»

«ውስጥ ናት።» ከኋላው፣ «ድንቹ ላይ ኮምጣጤ አሳንሰዋል በለው!» ስትል ሰማኋት። «በሩን የለካነው አንተ ተቀምጠህ ነዋ» አለ ክሊፎርድ። «እሷ ስትቀመጥ ብረቱ በበቂ አይወርድም፤ በሩን ነክሶ ያዘው። ከባድ ሰው የመኪናዋ ጎን ላይ ቢቀመጥ ይለቃል።»

«ፋይሊ ውስጥ አንድ ወፍራም ሰው ጠፋ?»

«የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ? ‹ይቅርታ ጌታዬ፣ ወፍራም ስለሆኑ ነው› ልበል?»

በእረፍት ቀኔ፣ ለዚያውም እንደ ተሳፋሪ፣ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ስደርስ መኪናዋ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ቆማለች። ግሌኒስ ሻሿ ተፈትቶ፣ ፀጉሯን ነፋስ እየበተነው፣ ድንቿን ከባሕር ወፎች እየተከላከለች ትበላለች። ክሊፎርድ እንደ ጥፋተኛ አጠገቧ ቆሟል።

የመኪናዋ ጎን ላይ ልቀመጥ ጎንበስ ስል ግሌኒስ እጇን ዘረጋች። «ቆይ የኔ ፍቅር፣ ምን አስቸኮለህ? መጀመሪያ ድንች ቅመስ።»

ቀመስኩ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ማንም ስለ በሩ አላነሳም። ከዚያ ተቀመጥኩላቸው፤ በሩ ቧ አለ። ግሌኒስ ግን ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

«እንዳይነክስ መቼ ልፋቅልሽ?» አላት ክሊፎርድ በሩን እየዳበሰ።

«ነገ» አለች። «ጠዋቱን። ከሰዓት በኋላ እህቴ ጋ እንሄዳለን።»