ከፀጉር ቤት የተመለሰው ሚሞሪ

ማሙሽ አሮጌውን የጌም ማሽን ገልብጦ አቧራውን እፍ አለበት። ገመዱን ነቅሎ መልሶ ሰካው፤ ቴሌቪዥኑንም በጥፊ መታ መታ አደረገው። ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ማሙሽ ጢሙ ሽበት የጀመረው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እሱን አምኖ ይሳፈራል። ለታላቅ እህቱ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው።

እትዬ ሶፋው ላይ ሆና ታየዋለች። ስትሮክ ከጣላት ወዲህ እግሯም አንደበቷም ተመልሰውላታል፤ ቀኝ እጇ ብቻ ጭኗ ላይ እንደተጋደመ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እጁ ካልሠራ ደርቆ እንደሚቀር ነግራት፣ የምትጨምቀው የላስቲክ ኳስ ሰጥታት ነበር። እትዬ ኳሱን አልጋ ሥር ወረወረችው። የሰፈሩን ሙሽሮች ስታለብስ ለኖረች ልብስ ሰፊ ኳስ ሲጨምቁ መዋል ነውር መሰላት። ቢለምኗት ቢቆጧት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ማሽኑን ከቁም ሳጥን አናት ያወረደው ለዚህ ነው፤ በጨዋታ ሰበብ እጇን እንድታሠራ። ልጅ ሳለ እግሩ ተሰብሮ በጄሶ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር። ያኔ እትዬ ስፌት ቤት ተቀጥራ ያገኘችውን የመጀመሪያ ደመወዟን ይዛ ወጣችና ለማሽኑ ተጨማሪ ሚሞሪ ገዝታ ገባች። የተራራው እሽቅድድም ያለዚያ ሚሞሪ አይከፈትም ነበር። ከዚያ ወዲያ ቀኑ መሽቶ አልመሽ የሚለው ነገር ቀረለት።

ማሙሽ የማሽኑን ክዳን በማንኪያ ጫፍ ፈልቅቆ አየ። የሚሞሪው ቦታ ባዶ ነው።

"እትዬ፣ እዚህ ውስጥ ድሮ የነበረችው ድፍን ፕላስቲክ የት ገባች? ወይ እሷ ወይ ሚሞሪው ካልገባ ማሽኑ አይነሳም እኮ።"

"ሚሞሪውን ስገዛ ጣልኳታ። ምንም የማትሠራ እቃ ቤት ታጣብባለች ብዬ።"

ሚሞሪውንስ ቢላት፣ ለፀጉር ቆራጩ አውሼዋለሁ አለችው። ፀጉር ቆራጩ አብሮ አደጋቸው ነው፤ የራሱ ተመሳሳይ ማሽን ነበረውና ሱቁን ሲከፍት ወረፋ ጠባቂ እንዳይሰለችበት ብላ የሰጠችው ነው። ውሰት ዘመን ሲቆጥር ስጦታ ይሆናል፤ ማንም መልስ ብሎት አያውቅም።

ማሙሽ ፀጉር ቤቱ ሲደርስ ሁለት ደንበኞች በተራራው መንገድ ይሽቀዳደማሉ። እንዴት ብሎ እንደሚጠይቅ ጨነቀው። እየተንተባተበ ጉዳዩን ሲያስረዳ ፀጉር ቆራጩ የአንዱን ሰውዬ ጭንቅላት በግማሽ ትቶ የጌም ማሽኑን አጠፋ። ደንበኞቹ አጉረመረሙ። እሱ ግን ሚሞሪውን ነቅሎ ለማሙሽ ሰጠው፤ ከማበጠሪያዎቹ ሥርም የራሱን ማሽን ድፍን ፕላስቲክ አውጥቶ በቦታው ሰካ። እንደ እትዬ ቸኩሎ አልጣላትም።

"ደንበኞችህስ?" አለው ማሙሽ።

"በዚችኛዋ ቀላል ቀላሉን ይጫወቱ። ይህን ቤት ስከፍት መጋረጃውን በነፃ የሰፋችልኝ፣ ይኸው የለበስኩትን ጋውን የሰፋችልኝ ማን ሆነና ነው? ያንን እጇን ሳምልኝ።"

ማሙሽ ሚሞሪውን በኪሱ ይዞ ሲመለስ ልቡ ቅቤ ጠጥቷል።

ስክሪኑ በራ። እትዬ ጆይስቲኩን በግራ እጇ ብቻ ያዘችው።

"በግራ ብቻ አይሆንም። መሪው በግራ፣ ነዳጁ በቀኝ አውራ ጣት ነው" አላት።

"ማን ያስተማረህን ነው የምታስተምረኝ?"

ቀኝ እጇን አንስቶ ሳመው፤ ሳምልኝ ተብዬ ነው አላት። አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አስቀመጠላት። ጣቷ ቁልፉን እየጫነ እየለቀቀ፣ መኪናዋ ቋጥኙን እየታከከ ወጣ። አንጀቱ አልችል ብሎት የራሱን መኪና ቀስ አደረገና አሳለፋት።

እትዬ ፊቷን አጠቆረች። "ማሙሽ፣ ለቀቅክልኝ። አንተ በጄሶ ተኝተህ ስታለቅስ፣ እኔ አንድ ቀን ለቅቄልህ አውቃለሁ?"

አታውቅም። በየቀኑ ትረታው ነበር፤ እሱም ትራሱን እየነከሰ፣ ነገ አሳያታለሁ እያለ ያድር ነበር። ያኔ ጨካኝ ትመስለው ነበር። በዚያ ቤት እሱን እንደ በሽተኛ ያላየችው እሷ ብቻ እንደነበረች አሁን ገባው። እሷን እህት አድርጎ የሰጠውን ፈጣሪ በልቡ አመሰገነ።

ሁለተኛውን ዙር ጀመሩ። የመጨረሻው ኩርባ ላይ ጎን ለጎን ደረሱ። ግንባሯ በላብ ርሷል፤ አውራ ጣቷ ከቁልፉ ሊንሸራተት ምንም አልቀረው። ማሙሽ ጥርሱን ነክሶ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ተጫነ፤ ቀድሟትም ገባ።

እትዬ ስክሪኑን አየች። ከዚያ ቀኝ እጇን በግራዋ እያሸች፣ "ያንን ኳስ ከአልጋ ሥር አውጣልኝ" አለችው። "ነገ ከሥራ ስትመለስ እንተያያለን።"