ተመልካች የመረጠው ፍቺ

ሙሰራት አፏ ስለት ነው። ከጧት እስከ ማታ የእንጨት ጠራቢዎች መዶሻ ኳ ኳ በሚልበት በዚያ የፓኪስታኗ ቺኒዮት ሰፈር፣ እሷን በነገር የሚረታ ሴትም ወንድም አልተገኘም። ባሏ ተውቂር ደግሞ ሲሰድቡት የሚስቅ ዝምተኛ ሰው ነው። የሙሽራ አልጋ ራስጌ ላይ የወይን ሐረግና ወፍ ይቀርጻል። ተጣልተው አያውቁም ቢባል ውሸት ይሆናል፤ ተኳርፈው ግን አድረው አያውቁም።

ነገሩን የጀመረችው እሷ ናት። እሱ እንጨቱን ሲቀርጽ እሷ እሱን በስልኳ እየቀረጸች በቀጥታ ስርጭት ትለቀዋለች። የሚያየው አጎቷና ሁለት ሦስት የአልጋ ነጋዴዎች ነበሩ። አንድ ቀን ስርጭት ላይ እያሉ ተውቂር ፍቅፋቂ የሞላበትን እጁን ሳያራግፍ እርጎው ውስጥ ነከረው። ሙሰራት ስልክ መያዟን ረሳች።

«አንተ ሰው፣ እኔ ያገባሁት ባል ነው ወይስ ምስጥ? እርጎውን ምን አደረገህ? አልጋውን ብላው በቃ፣ እግሩ ጋ ስትደርስ ሻይ አመጣልሃለሁ።»

በማግስቱ ያንን የተመለከተው ሰው ብዛት ለከተማ ይበቃ ነበር። ተውቂርም ከዚያ ቀን ጀምሮ በማያውቁት ሰዎች ዘንድ ምስጡ ተባለ።

ጠብ ሥራቸው ሆነ። ሙሰራት ጧት የሮቲውን ቂጣ ሊጥ እያሸች የቀኑን ስድብ ታሰናዳለች፤ አማቷ በሺራን ላይ ትሞክረዋለች። በሺራን የፊት ጥርሷ ያለቀ፣ ሳቅ የማይጠግባት ባልቴት ናት። «ይቺኛዋ ለዘበች፣ በርበሬ ጨምሪባት» ትላታለች በገዛ ልጇ ላይ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ መደርደሪያው ላይ ይቆማል፣ ባልና ሚስት ይሟገታሉ፣ አገር ይስቃል። ስልኩ ሲጠፋ እነሱ ይስቃሉ።

«ማጠፊያው የላላ በር ያልሽኝ ከየት የመጣ ነው?» ይላታል።

«ከራሴ።»

«ያቺ ስድብ ትንሽ ነክታኛለች።»

«የቱ ጋ?»

ደረቱን ያሳያታል። እፍ ትልበታለች፣ ልጅ ሲወድቅ እንደሚደረገው። በዚያን ጊዜ ደስተኞች ነበሩ።

ከዚያ አዲሱ ነገር መጣ። የሚያሰራጩበት መተግበሪያ ተመልካቹ ራሱ እንዲመርጥ አደረገ። የስርጭቱ ባለቤቶች ምርጫዎቹን ይጽፋሉ፣ ሕዝቡ የወደደውን ይነካል፣ ከእያንዳንዱ ምርጫ ጎን ቁጥር እየዘለለ ይወጣል፤ የበለጠው ይደረጋል። ድራማውን የሚያየው ሰው ድራማውን የሚያዝዘው ሰው ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ ሲያስቅ ነበር። ምስጡ ሳህን ይጠብ አሉ፣ አጠበ። የሚስቱን ሻሽ አስሮ ውኃ ይቅዳ አሉ፣ ቀዳ፤ የሰፈሩ ጠራቢዎች መዶሻቸውን ጥለው ወጥተው አዩት።

እየቆየ ግን ሰዉ ሳቁ አልበቃው አለ። አንድ ቀን ሳህን ይሰበር ብለው መረጡ። መደርደሪያው ላይ የነበረው ከእናቷ የተረፈላት ሰማያዊ የሙልታን ሸክላ ሳህን ብቻ ነው። ተውቂር አንስቶ አያት። እሷም ሰው እየጠበቀ መሆኑን አስባ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ሰበረው። ስልኩ ከጠፋ በኋላ «ከዚህ የበለጠ የሚያምር እገዛልሻለሁ» አላት። «ግዛልኝ» አለችው። ስብርባሪውን ስትለቅም ግን አላገዛትም፤ ስንት ሰው እንዳየው ስልኩ ላይ እየተመለከተ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ላይም ስልኩ ከሳህኑ አጠገብ ሆነ። የተጀመረ የአልጋ ራስጌ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ለበሰ። በሺራን አንድ ሁለቴ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ሚስትህን ያውቋታል? ያንተን ጉዳይ ማን ሾማቸው?» ብላ ነበር። «ጨዋታ ነው አሚ» አላት።

የማንጎ ወቅት ነበር፣ ሙቀቱ የበረታበት እሑድ ከሰዓት። ሙሰራት ሻይ ለማፍላት ወጥ ቤት ስትገባ ተውቂር የዕለቱን ምርጫ እየጻፈ ነበር። የዕለቱ ጠብ እሷ ሳትነግረው ወደ ጎረቤት ሠርግ ሄዳለች የሚል ነው፤ ራሷ ያሰናዳችው። ስርጭቱ ተጀመረ፤ ተሰዳደቡ፤ እንደ ወትሮው አማረላቸው። ምርጫው ስልኩ ላይ ሲወጣ ሙሰራት ጎንበስ ብላ አነበበች። አንደኛው ይቅር ይበላት ይላል። ሁለተኛው ወደ አባቷ ቤት ይስደዳት። ሦስተኛው ይፍታት።

ፊቷን ከስልኩ አዙራ፣ የጨዋታውን ድምፅ ትታ፣ በገዛ ድምፅዋ ዝቅ አድርጋ «ይሄንን አጥፋው» አለችው።

«ማንም አይነካውም። ለማሟሟቂያ ነው።»

«ተውቂር፣ አጥፋው አልኩህ።»

«ተጀምሯል እኮ። እዪ፣ ይቅር ይበላት ነው የሚመራው።»

ይመራ የነበረው ለጥቂት ጊዜ ነው። አንዱ ፍታት ብሎ ጻፈ፣ ሌላው ተከተለው፣ ከዚያ ሰዎቹ እርስ በርስ ይፎካከሩ ጀመር። ሰው ብቻውን ሆኖ የማያደርገውን ከሰልፍ ጋር ሲሆን ያደርጋል። ቁጥሩ እንደ ጎርፍ ሞላ። ሙሰራት ባሏን አየችው። ወንበሩና መደርደሪያው መካከል፣ በክንድ ርቀት ላይ ቆማ ነበር። እሱ ግን እሷን አላየም። ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ከዚህ ቀደም አንድ ትልቅ አልጋ ጨርሶ ዘወር ዘወር እያለ ሲያየው የምታውቀው ደስታ ነው።

ከዚያ እጁን እንደ ንጉሥ ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ለማሳቅ ድምፁን አወፍሮ «ፈታሁሽ» አለ። «ፈታሁሽ። ፈታሁሽ።»

ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ የነበረችው በሺራን እርጥብ ጨርቅ እንደያዘች ገባች። ጨርቁን ስልኩ ላይ ጣለችው።

«ምን አልክ?»

«ጨዋታ እኮ ነው አሚ።»

«ምን እንዳልክ ነው የጠየቅኩህ።»

ተውቂር እናቱን አየ፣ ከዚያ ሚስቱን አየ። ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተለወጠው። ሙሰራት ሻሿን ሳብ አድርጋ ፀጉሯን ሸፈነች፣ እንግዳ ሰው ፊት እንደሚደረገው። ይህን ማድረጓን ያወቀችው ካደረገችው በኋላ ነው።

የሰፈሩ የሃይማኖት መምህር ሞልቪ ሳሂብ ደግ ሰው ናቸው። ተውቂርንና እናቱን አስቀምጠው ውኃ አስጠጧቸው። ነገሩን ሁለቴ አስደገሙት።

«ያስገደደህ ሰው ነበር?»

«የለም። ሰዎቹ መርጠው ነው።»

«ሰዎቹ እነማን ናቸው?»

«አላውቃቸውም።»

ሞልቪ ሳሂብ ጺማቸውን ያዙ። «ልጄ፣ በቀልድም ሲነገር ቁም ነገር የሚሆን ቃል አለ። ጋብቻ እንዲያ ነው፣ ፍቺም እንዲያ ነው። እኔ በተማርኩት መንገድ ሦስቱም ጸንተዋል፤ ከእንግዲህ ሚስትህ አይደለችም። ሌላ ብነግርህ ደስ ባለኝ።» በሺራን ከዚያ ስትመለስ ለምራቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ ነግራም ስትጨርስ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለችና የወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

የሙሰራት አባት ሀጂ ሪያሰት ከሚኖሩበት ከጃንግ ከተማ መጥተው ወሰዷት። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ተውቂር ሻንጣውን ሊሸከም እጁን ሲሰድ ብቻ ቀድመው አነሡት። አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ተማሪ ወንበሯን ዞራ ሙሰራትን አተኩራ አየቻት።

«የምስጡ ሚስት አይደለሽም?»

«ነበርኩ» አለች ሙሰራት።

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። ጓደኛዋን በክርኗ ነክታ «ነበርኩ አለችኝ እኮ» አለቻት። ሀጂ ሪያሰት በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ የልጃቸውን እጅ ያዙ።

ሰዉ ያቺን ቅጂ እየቆረጠ ዘፈን አስገባባት። ዘርጋ ያለው እጁ፣ ፈታሁሽ የሚለው ድምፁ፣ ከጎኑ ቆማ የምታየው ሴት። ልጆች መንገድ ላይ እየተጫወቱ ይደግሙታል። በአባቷ ቤት ያለችው የወንድሟ ሚስት፣ ሙሰራት እንዳታይ ብላ የራሷን ስልክ ደበቀች፤ ግን ከጎረቤት ግቢ በላይ የሚመጣውን ድምፅ ማን ይደብቃል።

ተውቂር ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ፋይሰላባድ ሄደ፣ ላሆር ሄደ፣ ያገኘውን አዋቂ ሁሉ ጠየቀ። የተፈታች ሴት ሌላ ሳታገባ የምትቆይበት የሙሰራት የመጠበቂያ ጊዜ ሳያልቅ ከእናቱ ጋር ጃንግ መጣ። ከስቷል፤ ካሚሱ፣ ረጅሙ ሸሚዙ፣ ሰፍቶታል። ሀጂ ሪያሰት ግቢ ውስጥ አልጋ ዘርግተው አስቀመጡት።

«ሀጂ ሳሂብ፣ ላሆር ውስጥ አንድ ትልቅ ሸይኽ አግኝቻለሁ» አለ ተውቂር። «የሳቸው መንገድ ሌላ ነው። በአንድ ቦታ ተቀምጦ ሦስቴ የተባለ እንደ አንድ ይቆጠራል ይላሉ። ጊዜዋ ሳያልቅ መመለስ እችላለሁ። ሰፈር ውስጥ ለሚያወራው ሰው እኔ እመልስለታለሁ።»

ሀጂ ሪያሰት ሻይ ቀዱለት። ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር ተናገሩ። «እኔ ያንተን ሸይኽ አላውቃቸውም፤ ዋሽተዋልም አልልም። እሷ ከፈለገች አልከለክላትም። ጠይቃት።» ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ሙሰራት ከበሺራን አጠገብ ተቀምጣ ነበር። የተናገረችው ቀስ ብላ ነው፤ ያ ስለት አፏ ያን ቀን አልነበረም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ብቻ ንገረኝ።»

«እነግርሻለሁ።»

«ያንን ከማለትህ በፊት የት ነበር የምታየው?»

ተውቂር ሊዋሽ ይችል ነበር። አንቺን ነበር የማየው ቢል ምናልባት ታምነው ነበር፤ ማመን ትፈልግ ነበርና። እሱ ግን ውሸት ከስልኩ ውጭ የማይችል ሰው ነው።

«ቁጥሩን» አለ።

«አጥፋው ብዬህ ነበር። በጨዋታው ድምፅ አይደለም፣ በኔ ድምፅ። ሰምተኸኛል?»

«ሰምቼሻለሁ።»

«እኔ የሞልቪ ሳሂብንና የላሆሩን ሸይኽ ልዩነት መፍታት አልችልም። እነሱ ስለ ቃሉ ነው የሚነጋገሩት። እኔ ቃሉን ይቅር ማለት ይቻለኛል፤ ቀልድህን ነው፣ አውቀዋለሁ። ግን ክንድህ የሚደርስበት ቦታ ቆሜ ለምኜህ ነበር። የማታውቃቸው ሰዎች ከኔ ይበልጥ ቀርበውህ ነበር። ብመለስ ምሳ ባቀረብኩልህ ቁጥር ዓይንህን እከተላለሁ። እንዲያ ሆኜ መኖር አልፈልግም።»

«ቻናሉን አጥፍቼዋለሁ። ስልኩንም ሸጬዋለሁ።»

«አውቃለሁ፣ አሚ ነግረውኛል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ሙሰራት የሻይ ስኒውን አነሣች። ሊሄዱ ሲነሡ በሺራን ምራቷን በሁለት እጇ አቀፈቻት።

«ተሳስተሻል አልልሽም። ሴት ነኝ፣ ገብቶኛል። ግን አሁን ልጄን ማን ይሰድብልኛል? ያ ልጅ ዝም ነው የሚለው።»

«እርስዎ ይስደቡት አሚ።»

«እኔማ ስሰድበው ያምነኛል።»

ሁለቱም ሊስቁ ሞክረው አልሆነላቸውም።

የመጠበቂያው ጊዜ አለቀ። ተውቂር በሰው ወርክሾፕ ተቀጥሮ መቅረጽ ጀመረ አሉ። ሙሰራት ጃንግ ውስጥ ሙሽራ የምታስጌጥ ሴት ዘንድ ሥራ አገኘች፤ ሂና መሳል ተማረች። ሙሽሮቹ አንዳንዴ ያውቋታል፤ ያወቋት ግን እንዳላወቁ መሆንን ይመርጣሉ፤ በሠርጋቸው ዋዜማ የተፈታች ሴት እጃቸውን ስለያዘች የሚከፋቸውም አሉ። ለጋብቻ ሽማግሌ ሁለቴ ተልኮባት ሁለቴም መለሰች። ለምን ብለው ሲጠይቋት «አሁን አይሆንም» ከማለት ሌላ አትናገርም።

በሚቀጥለው ዓመት የብርዱ ጭጋግ መንገዱን በሸፈነበት ሳምንት በሺራን ሞተች። የሰማችው ከቺኒዮት ጎረቤት ነው። አባቷ «ልትሄጂ ነው?» አሏት። «እናቴ ናቸው» አለች፤ አልከለከሏትም።

ቤቱ እንደነበረ ነው። ሴቶቹ በውስጠኛው ክፍል ተቀምጠዋል፣ ወንዶቹ በወዲያኛው፤ መካከል ላይ ቀጭን ግድግዳ አለ። ሴቶቹ ሙሰራትን ሲያዩ አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት። ቁርኣን ስትቀራ ከቆየች በኋላ ከግድግዳው ማዶ የወንድ ልቅሶ ሰማች። ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ፈጅቶባታል። በስርጭቱ ዘመን ተውቂር ማልቀስ አይችልም ነበር፤ ሽንኩርት ትልጥለት ነበር፣ ሽንኩርቱም አላስለቀሰውም፣ ያስቀው ነበር። በጋብቻቸው ዘመን አንዴም ሲያለቅስ አልሰማችውም። ድምፁ የሚያስቅ አልነበረም፤ የሚያምርም አልነበረም። ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ይቆራረጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል።

አጠገቧ ያለችው ሴት «አንቺ መምጣትሽን ሰምቶ ነው» አለቻት በሹክሹክታ።

«በእናቱ ነው የሚያለቅሰው» አለች ሙሰራት። «ተዪው፣ በእናቱ ያልቅስ።»

መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ልስኑ ቀዝቃዛ ነው። ልቅሶው እስኪበርድ ድረስ እጇን አላነሣችም። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ተነሣች፤ ለሴቶቹ ሰላምታ ሰጠች፤ ወንዶቹ ለሶላት ሲወጡ በር ላይ እንዳይገናኙ በጓሮው በኩል ወጣች። ጭጋጉ ስለከበደ የጃንጉ አውቶቡስ ዘግይቶ ነበር። ቆማ ጠበቀችው።