የሶዳው ቃጭል

ዳማው ፈረስ የተዘረጋለትን መዳፍ አሸተተና አልልስም አለ። ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ፤ አንገቱን ሰበቅ አድርጎም «ፉርርር» ብሎ በአፍንጫው ተነፈሰ። አቶ ገብረ ማርያም መዳፍ ላይ የነበረው ነጭ ፍርፋሪ ብን ብሎ ተነሣና ፊታቸው ላይ ተበተነ። ሽማግሌው ቀኝ ዓይናቸውን ይዘው አጎነበሱ።

የልጃቸው ሚስት ወርቅአየሁ በዚያች ሰዓት ጓሮ ሆና ሞራ ታቀልጥ ነበር። ጩኸት አልሰማችም። የባሏ አባት የሚጮኹ ሰው አልነበሩም። የሰማችው ቃጭሉን ነው፤ ዳማው አንገት ላይ የታሰረችው ቃጭል ያለ ወትሮዋ ተንጫጫች። ቀና ስትል ሽማግሌው የበረቱን ምሰሶ ተደግፈው መዳፋቸውን በጋቢያቸው ሲጠርጉ አየች። እግራቸው ሥር አንድ ቅል ወድቋል። የጨው ቅል አልነበረም፤ የእሷ ነበር።

ክው አለች።

ያን ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ እንጅባራ ዛሬ የምናውቃት ከተማ አልነበረችም። የጭነት መኪና ሲያልፍ ሰው ሥራውን ጥሎ ከደጅ ወጥቶ ያይ ነበር። ጭጋጉ ከጥርባ በኩል ተንከባሎ ሲወርድ ጎረቤትህን በሳሉ እንጂ በመልኩ አትለየውም፤ ከቀርከሃው መሐል የሚሰማው የፈረስ ኮቴ ብቻ ነው። ፈረስ ደግሞ በአገው ምድር ከብት አይደለም፣ ቤተሰብ ነው። የጥር ጊዮርጊስ ሲቃረብ የፈረስ ማኅበሩ አባላት ፈረሳቸውን ያጥባሉ፣ ጋማውን ያበጥራሉ፣ ማታና ጠዋት ጨው ያልሱታል። ባለቤቱ መዳፉን ገንዳው ውስጥ ነከር ያደርግና ጨው ይነሰንስበታል፤ ፈረሱም ከእጁ ይልሳል። ሌላ ሰው ሊያልሰው አይችልም። ፈረስ ጌታውን የሚያውቀው በምላሱ ነው ይባል ነበር።

ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። ወርቅአየሁ ግን ዳንግላ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ሳለች፣ ለሴቶች ሙያ የምታስተምር ወይዘሮ እህተማርያም የምትባል ሴት አገኘችና ሳሙና መሥራት ተማረች። ሞራ ይቀልጣል፤ ኮስቲክ ሶዳ የሚሉት ነጭ ፍርፋሪ በውሃ ይሟሟል፤ ሁለቱ ተገናኝተው ሲማሰሉ እንደ ገንፎ ይወፍራሉ፤ በሳጥን ፈስሶ ከርሞ ሲጠና ይቆረጣል። የመጀመሪያውን ሳሙና ይዛ ወንዝ የወረደች ዕለት ሴቶቹ ሁሉ እየተቀባበሉ አሸተቱት። ከዚያ ወዲያ «የሳሙናዋ» ይሏት ጀመር። ልጅ ገና ስላልወለደች ሌላ መጠሪያ አልነበራትም፤ ይህ ስም ደግሞ የራሷ ነበረ።

ወይዘሮ እህተማርያም ከሳሙናው ይልቅ ስለ ሶዳው ነበር አብዝታ የምትናገረው።

«ሶዳ ጭስ የሌለው እሳት ነው» ትል ነበር። «ጥቂት ውሃ ሲያገኝ ይግላል፤ ብዙ ውሃ ሲያገኝ ይሞታል። ሶዳውን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳ አታፍስሱ፤ ተፍለቅልቆ ፊታችሁን ያገኘዋል። እህልና ጨው በምታኖሩበት ዕቃ በፍጹም አታስቀምጡት። ዓይን የነካ እንደሆነ የጠዋት ጸሎት ተጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ እጠቡ፤ ካለቀ በኋላ እንደገና ጀምሩ።»

ወርቅአየሁ ሁሉንም ጠብቃ ነበር፤ አንዱን ብቻ ሳተች። የሶዳው ቆርቆሮ ክዳን ተጣመመ። የእንጅባራ ጭጋግ ደግሞ ቀዳዳ አያጣም፤ ሶዳው እርጥበት ስቦ መጋገር ጀመረ። መንገደኛ አዲስ ቆርቆሮ እስኪያመጣላት ብላ ገና ያልረጠበውን ወደ ቅል ገለበጠችና ውታፉን አጥብቃ፣ ዝናብ እንዳያገኘው ከበረቱ ጣሪያ ሥር ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ከዚያው ምሰሶ፣ ከወዲያ በኩል፣ የፈረሱ ጨው ቅል ተሰቅሏል።

ሳትናገር ቀርታም አይደለም። ነገር ግን በዚያ ቤት ወግ ምራት ለባሏ አባት ነገር ቀድማ አታነሣም። በፊታቸው ስታልፍ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ትስባለች፤ የምትፈልገው ካለ በአማቷ በእሜቴ ስሜነሽ በኩል ነው። ስለዚህ ለእሜቴ ነግራለች፤ ያ ቅል ጨው አይደለም፣ ለጌታዬ ይንገሩልኝ ብላለች። እሜቴም እሺ ብለው ወደ ለቅሶ ቤት ሄዱ። ለቅሶው ነገሩን ዋጠው።

አሁን ወርቅአየሁ ማማሰያውን ጥላ ሮጠች። ባሏ አዝመራው እህል ሊሸምት ጫግኒ ወርዷል፤ በቤቱ ሌላ ወንድ የለም።

«አይሹት!» አለች፤ ሽማግሌው ግን ማሸታቸውን አልተዉም።

እጃቸውን ያዘች። የባሏን አባት እጅ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነው። ጋቢያቸውን ገፍፋ ጣለችና በደረቁ የነጠላዋ ጫፍ ግንባራቸውና ጢማቸው ላይ የቀረውን ፍርፋሪ አራገፈች። ከዚያ አቅፋ እየጎተተች ወደ ገንዳው ወሰደቻቸው።

ከኮረብታው ምንጭ እስከዚያ ግቢ ድረስ ውሃ የሚመጣው በተሰነጠቀ ቀርከሃ ነበር። አንዱ ቀርከሃ በሌላው አፍ እየገባ፣ በባላ እየተደገፈ፣ እየዘመረ ይወርድና ገንዳው ላይ ይንዠቀዠቃል። ዛሬ ያ አሸንዳ የለም፤ በቦታው ባጃጆች ይቆማሉ። በዚያ ዘመን ግን ቀን ከሌት የማይቋረጥ ውሃ ያለው ቤት ያ አንዱ ነበር። እንግዲህ እግዜር ሲያስብ እንዲህ ነው።

ሽማግሌውን በቀኝ ጎናቸው አጋደመቻቸው፤ ከታመመው ዓይን የሚወርደው ውሃ ደህነኛውን እንዳይነካ ነው። ውሃው ኃይለኛ ስለሆነ በእፍኟ ተቀብላ፣ ከአፍንጫቸው ሥር ወደ ጆሯቸው እንዲፈስ ለቀቀችው። ዓይኑ ግን ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

«ዓይንህን ክፈት!»

አፏን ከመዝጋቷ በፊት ወጣ። አንተ አለቻቸው። ሽማግሌውም ገርሟቸው ይሁን ደንግጠው ዓይናቸውን ከፈቱ፤ እሷም ሽፋሽፍቱን በሁለት ጣቷ ይዛ ውሃውን ለቀቀችበት። በአገውኛ እናታቸውን ጠሩ።

እሜቴ ስሜነሽ የደረሱት ይኸኔ ነው። ነገሩን ባዩ ጊዜ ወደ ጓዳ ተመልሰው ለጋ ቅቤ በቅጠል ይዘው ወጡ። ከኋላቸው ጎረቤታቸው ሽባባው፣ የፈረስ ማኅበሩ ቀልደኛ፣ የልጓም ጠፍር እንደያዘ ተከትሏል።

«አንቺ ልጅ፣ ቃጠሎን ውሃ ሲያገኘው ይመረቅዛል» አሉ እሜቴ። «ይህን ያላወቀ ማን አለ? ልቀቂያቸውና ቅቤው ይግባበት።»

ሽባባውም እውነታቸውን ነው፣ አያቶቻችን ቃጠሎን በውሃ ሲያክሙ አላየንም አለ።

ወርቅአየሁ እጇን አላነሣችም። እንባዋ ከምንጩ ውሃ ጋር ይወርዳል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«እሜቴ፣ ሶዳና ቅባት ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ በየሳምንቱ ያያሉ። ዓይናቸው ውስጥ ሳሙና ልሥራ?»

እሜቴ ቅቤውን አዩ። ጓሮ ተጥዶ የሚንፈቀፈቀውን ሞራ አዩ። ቅቤውን ቀስ ብለው የድንጋዩ አጥር ላይ አስቀመጡትና ከራስጌ ተቀምጠው የባላቸውን ጭንቅላት ታፋቸው ላይ አደረጉ።

«እንግዲህ አንቺው ታውቂያለሽ» አሉ።

ሽባባውም የተቃጠለውን መዳፍ አሸንዳው ሥር እንዲይዝ ታዘዘና ያዘ። ወርቅአየሁ የአስተማሪዋን ቃል አስታውሳ፣ አሁን በእርስዎ እየተናገረች፣ የጠዋት ጸሎትዎን ይድገሙ አለቻቸው። ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነክሰው ጀመሩ። ጸሎቱን በቃላቸው ነበር የሚያውቁት፤ የዚያን ዕለት ግን እየጠፋባቸው፣ ውሃው አፋቸው እየገባ፣ ሁለት ቦታ ላይ እሜቴ አስታወሷቸው። አሜን ብለው ሊነሡ ሲሉ ወርቅአየሁ ትከሻቸውን ተጫነች።

«ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ፣ ጌታዬ።»

«ጨርሻለሁ እኮ።»

«ሶዳው አልጨረሰም።»

እንደገና ጀመሩ። ብርዱ አጥንታቸው ገብቶ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ሽባባው ዝም ማለት አልሆነለትም፤ «አያ ገብሬ» አለ፣ «ጥምቀት እኮ አልፏል። ምነው አንተ ብቻህን ቀረህ?» ሽማግሌው በጸሎታቸው መሐል ሳቃቸው አመለጣቸው። እሜቴም ሳቁ። ወርቅአየሁ ብቻ አልሳቀችም። ከእጇ ሥር ያለውን ቀይ ዓይን እያየች፣ ብሌኑ ነጭ እንዳይለብስ ከምንጩ ጌታ ጋር በልቧ ትደራደር ነበር።

ጸሎቱ እንደገና አልቆ እንደገና ተጀመረ። ሽባባው ወደ መንገድ ወጥቶ የጭነት መኪና አስቆመ፤ ሹፌሩ ደግ ሰው ሆኖ ሽማግሌውን ከጎኑ አስቀመጠና ዳንግላ አደረሳቸው። ወርቅአየሁ እንስራ ውሃ ታቅፋ ከኋላ ተጫነች። መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዳ ታጥባቸዋለች። የጤና ጣቢያው ሐኪም ዓይኑን በመብራት አይቶ ደግሞ አጠበው፣ ቅባት ጨመረበት፣ ሸፈነው። ጠባሳ ቢቀርም ብርሃኑ እንደማይጠፋ ነገራቸው። ውሃ ያፈሰሰው ማን እንደሆነ ሲጠይቅ ሽማግሌው «ምራቴ ናት» አሉ። ከዚያ በፊት «የአዝመራው ሚስት» እንጂ ምራቴ ሲሏት ሰምታ አታውቅም።

የጥር ጊዮርጊስ ደረሰ። ሜዳው በፈረስ ሞላ፤ የፈረሶቹ ጌጥ መርገፉ፣ ጋሻው፣ የአንበሳ ጎፈሩ ከሩቅ ያበራል። ያን ያየ ሰው መቼም አይረሳው። አቶ ገብረ ማርያም ግን አንድ ዓይናቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ከሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡ። ዳማውን ባዶ ኮርቻውን ጭኖ ሽባባው ሳበው። ወርቅአየሁ ከሴቶቹ መሐል ሆና ባዶውን ኮርቻ አየች። የሳሙና ነገር በዚያው በቃት።

በማግስቱ የተረፈውን ሶዳ ወደ ቆርቆሮው መለሰች፤ ቅሉን ሰባበረችው። ከእንግዲህ «የሳሙናዋ» የሚላት የለም፤ ደግሞ ወደ እንዶዱ። አካፋና ቆርቆሮ ይዛ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ ከግቢ ልትወጣ ስትል ሽማግሌውን በረቱ ደጅ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ጨርቁ ተነሥቷል። ቀኝ ዓይናቸው ደም እንደመሰለ ነው፤ ግን ያያል።

«ወዴት ነው?» አሉ። ያለ እሜቴ፣ ለራሷ።

«ልቀብረው ነው፣ ጌታዬ። ከምንጩ ርቆ።»

«ለምን?»

«በእኔ ምክንያት ኮርቻዎ ባዶውን ዋለ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ቆርቆሮውን ተቀበሏት። የተጣመመውን ክዳን አገላብጠው አዩና ከድንጋይ ላይ አስደግፈው በመዶሻ ቀስ እያሉ ያቀኑት ጀመር።

«ቅሉን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አሉ እየቀጠቀጡ። «ቦታውን የሳትሽው አንቺ ነሽ፤ ዝም ያሰኘሽ ደግሞ ወጋችን ነው። ፈረሱ ብቻ ነው በጊዜ የተናገረ። እህስ፣ ደግሞ ያን ቀን አንተ ብትይኝ ዓይኔ ብቻ መሰለሽ የተከፈተው? ጆሮዬም ነው።»

ወርቅአየሁ መሬት ብትዋጣት በወደደች። «ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«ምኑን? እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲያ የተቆጣኝ የለም። ናፍቆኝ ነበር።»

ክዳኑ ገጠመ። ሽማግሌው ተነሥተው ወደ ዳማው ሄዱ፤ አንገቱን ዳበስ ዳበስ አድርገው ቃጭሏን ከነጠፍሯ ፈቱ። ያች ቃጭል ከአባታቸው ፈረስ ወደ እሳቸው ፈረስ የተላለፈች ናት። ጠፍሩን በቆርቆሮው ክዳን ላይ አዙረው አጥብቀው ቋጠሩና አንሥተው ነቀነቁት። ቃጭሏ ጮኸች። ዳማው ከበረቱ ጆሮውን አቆመ።

«በዚህ ቤት ፊደል የለየ ባልሽ ብቻ ነው» አሉ። «ቃጭል ግን ሁላችንም እንሰማለን። ማንም በስህተት ቢነካው ትናገራለች።» ከገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ቆርቆሮውን ከፊታቸው፣ ከሁለቱ መካከል አኖሩት። «በይ አሁን ንገሪኝ። ከአንቺው አፍ ልስማው። ሰው ይህን ሲከፍት አስቀድሞ የሚያደርገው ምንድን ነው?»

ወርቅአየሁ ወደ ቤቱ አየች፤ እሜቴ ከደጃፉ ቆመዋል። አካፋውን አጥሩ ላይ አስደገፈችው። ከዚያ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ጣለችና ሽማግሌውን ቀጥ ብላ አየቻቸው።

«አስቀድሞ፣ ጌታዬ» አለች፣ «ነፋሱ ከጀርባዎ ይሁን።»