ለማንም እጅ የሚሆን ካሜራ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ዳኛው» ይሉታል። ዳኝነቱ በሰው ላይ ሳይሆን በዕቃ ላይ ነው፤ ለመጽሔቱ ስልክ፣ ሬዲዮና ካሜራ እየሞከረ ይበጃል አይበጅም ብሎ ይጽፋል። ሃያ ዓመት ሲጽፍ አቃቂር ያላወጣለት ዕቃ የለም። «ከእጅ አይሻል ዶማ» የምትለውን ተረት እስክታታክት ድረስ ስለጻፋት አዘጋጇ ሁለት ጊዜ ሰርዛበታለች።

በዚህ ሳምንት የመጣለት ካሜራ ግን ልቡን ወሰደው። ሚረርለስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ እንደ ድሮዎቹ ትልልቅ ካሜራዎች ውስጡ መስታወት ስለሌለው ከነሌንሱ ኮት ኪስ ውስጥ ይገባል። ስድስት ቀን ይዞት ዞረ። በአውቶቡስ መስኮት አነሳበት፣ ደረጃ ላይ የሚጣደፉ ሰዎችን አነሳበት፣ ብርሃኑ በደከመ ኮሪደር የጽዳት ሠራተኛዋን አነሳበት። የሴትዮዋ ፊት ከነማዲያቱ ጥርት ብሎ ወጣ፤ እሷ አልወደደችውም፣ እሱ ግን ወደደው። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ቁልፎቹም ጣተ ወፍራም ለሆነ ሰው ይጠባሉ። ከዚያ ወዲያ የሚናገርበት ነገር አጣ፤ የሚናገርበት ሲያጣ ደግሞ ዳኛው መቀመጫ የለውም።

በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ ካሜራው እጁ ላይ አልነበረም። ታላቅ እህቱ ወስዳዋለች። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አንድ ሴት ልጇን ያለ አባት አሳድጋ፣ ልጅቱ ዛሬ በነርስነት ትመረቃለች። ከወር በፊት ጀምሮ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ «ፎቶ አንሺ አልፈልግም፤ መድረክ ላይ ስትወጣ በገዛ እጄ ነው የማነሳት።»

ይህ ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም። በቤተሰቡ ውስጥ ካሜራ ወደ እሷ እጅ ሲጠጋ «ተይው፣ ታበላሺዋለሽ» ይባላል፤ ይህን ከሚሉት ደግሞ ቀንደኛው ዳኛው ራሱ ነው። ስልኳ እምቢ ሲላት ከእጇ መንጭቆ ያስተካክልና ይመልስላታል። እንዴት እንደሆነ ግን አሳይቷት አያውቅም፤ ማሳየት ጊዜ ይፈጃላ።

ትናንትም ካሜራውን ልትወስድ ስትመጣ «እስቲ አሳየኝ» ብላው ነበር።

«ምን የሚታይ ነገር አለው እትዬ? አነጣጥረሽ መጫን ነው። ሌላውን እሱ ያውቃል።»

«እሱ ካወቀማ እኔ ምን ቸገረኝ» ብላ በሻርፗ ጠቅልላ ይዛው ሄደች።

አሁን አዘጋጇ ጽሑፉን በእጇ ይዛ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እስከ ቀትር ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት።

«'ማንም ሰው ከካርቶኑ አውጥቶ ወዲያው ያነሳበታል' ብለሃል። ምስሉ እንዲጠራ ትኩረት የሚይዘው በየትኛው ቁልፍ ነው? አንባቢ ይጠይቀናል።»

«ከኋላ ባለው፣ በአውራ ጣት» አላት ቀና ሳይል።

«በአውራ ጣት? የኔ ካሜራ እኮ ከላይ ያለውን ነካ ሳደርገው ነው የሚይዘው። የባለቤቴም፣ የእህቴም እንደዚያው ነው።»

ዳኛው አሁን ቀና አለ። አንድ የቆየ ልማድ አለው። ማንኛውም ካሜራ እጁ እንደገባ፣ ክብደቱን እንኳ ሳይለካ፣ ለራሱ እንደሚመቸው ያበጀዋል። ድምፁን ያጠፋዋል። የተነሳው ፎቶ ስክሪኑ ላይ ብቅ እንዳይል ይዘጋዋል። ትኩረት መያዣውን ከላይኛው ቁልፍ አንስቶ ከኋላ ወዳለው ያዛውረዋል። እጁ ስለለመደው ማድረጉንም አያስታውሰው። ሳምንት ሙሉ የፈረደው ለካሜራው ሳይሆን ለገዛ ልማዱ ነው። እህቱ ደግሞ ያንኑ ይዛ አዳራሽ ገብታለች፤ የላይኛውን ቁልፍ ብቻ ብትጫን የሚወጣላት ጭጋግ ነው፣ ድምፅ አትሰማም፣ ፎቶም አታይም።

«እንዳታትሚው» ብሎ ተነሳ።

«ምኑን? ካሜራው ተበላሸ?»

«እኔ ነኝ የተበላሸሁት» አለና ኮቱን ሳይለብስ ወጣ።

ደወለላት፤ ስልኳ ዝግ ነው። ለልጅቱ ደወለ፤ ዝግ ነው። ታክሲ ያዘ፤ ታክሲው ሁለት መስቀለኛ መንገድ አልፎ ከመኪና ሰልፍ ኋላ ቆመ። ሹፌሩ መሪውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። ዳኛው በሩን ከፍቶ ወርዶ መሮጥ ጀመረ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው በከረባት ሲሮጥ መንገደኛው ሁሉ ሌባው የቱ እንደሆነ ለማየት ኋላውን ይመለከታል። አዳራሹ በር ላይ ጥበቃው የጥሪ ካርድ ጠየቀው፤ ካርድ የለውም። «እህቴ ውስጥ ናት፣ አንዲት ቁልፍ ብቻ ላሳያት» ቢለው ጥበቃው ከእግር እስከ ራሱ አየው። በመጨረሻ ላቡን አይቶ አዘነለት መሰለኝ፣ ከኋላ እንዲቆም ፈቀደለት።

እህቱ አራተኛው ረድፍ ላይ ናት። ልጅቱ ነጭ ጋወኗን ለብሳ መድረኩን መውጣት ጀምራለች። እናት ተነሳች፣ ካሜራውን ዓይኗ ላይ አደረገች፣ ተጫነች። ምንም። ደጋግማ ተጫነች። ገልብጣ አየችው፣ ነካካችው፣ መልሳ ዓይኗ ላይ ደቀነችው። ዳኛው ከኋላ ሆኖ አውራ ጣቱን እያነሳ ያወዛውዛል፤ እሷ ዞር አትልም፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ልጅቱ የምስክር ወረቀቷን ተቀብላ እናቷን በዓይኗ ፈልጋ ፈገግ ስትል፣ እናቷ አንገቷን ደፍታ ካሜራውን እያገላበጠች ነበር።

ግቢው ውስጥ ሲገናኙ ካሜራውን በሁለት እጇ አስረከበችው።

«አላነሳም አለኝ።»

ከፍቶ አየ። እሷ ያነሳችው አርባ ሦስት ፎቶ አለ። ነጭ ጭጋግ፣ ሌላ ነጭ ጭጋግ፤ ከዚያም ካሜራውን ስታገላብጥ ሳታውቀው የተነሳው የራሷ ፊት፣ ቅርብና ደብዛዛ፣ የተጨነቀ።

«አየህ፣ እጄ ከዚህ ነገር ጋር አይስማማም። ስትሉኝ ኖራችኋል፤ እኔ ነኝ የማልሰማው።»

«እኔ ነኝ እትዬ። ለራሴ እጅ አበጅቼ እንደዚያው ሰጠሁሽ። ማንም ቢይዘው አያነሳለትም ነበር።»

ሳቅ አለች። «አንተ ደግሞ። ለኔ ብለህ ሥራህን አታጣጥል። አነጣጥረሽ ተጫኚ አልከኝ፣ አነጣጥሬ ተጫንኩ። ሳይቀበለኝ ቀረ።»

«እውነቴን ነው፣ በናታችን...»

«አትማል። ይህ የሚያስምል ነገር አይደለም።»

ዳኛውን አልቅስ አልቅስ አለው። ሃያ ዓመት በዕቃ ላይ ሲፈርድ ያመነው አገር ነው፤ ዛሬ በራሱ ላይ ሲፈርድ የሚያምነው አጣ። ሁሉንም ፋብሪካው እንዳበጀው መለሰው፤ ድምፁን ከፈተ፣ ትኩረቱን ወደ ላይኛው ቁልፍ መለሰና ዘረጋላት።

«አሁን አንሺያት። እዚሁ።»

«እማዬ፣ አንሺኝ» አለች ልጅቱም ጋወኗን እያስተካከለች።

እህቱ ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ ወሰደች። «ተዉኝ፣ ዛሬ ይበቃኛል። እሱ ያንሳን» ብላ ከልጇ ጎን ሄዳ ቆመች።

አነሳቸው። ካሜራው ቀጭ አለ። ልጅቱ ሮጣ መጥታ ስክሪኑን አየችና እናቷን ጠራች። እናትየው ቀረብ ብላ አየችው።

«አጎትሽ ጎበዝ ነው፣ ያውቅበታል» አለች። ጎንበስ ብላ ስታይም እጆቿን ከኋላዋ አላወጣችም።