ለደህንነቷ ሲባል

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ትምህርት ቤት የሄደችው ለማመስገን ነበር። ልጇን በዘሯ እየሰደቡ ደረጃ ላይ ገፍትረው የፊት ጥርሷን የሰበሩት ልጆች ለሳምንት ታግደው ተመልሰዋል፤ ልጅቷ ደግሞ ለደህንነቷ ሲባል ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ለብቻዋ ክፍል ተሰጥቷታል። አስተማሪዎች እየተመላለሱ ያስተምሯታል። ይህን ለምና ያስፈጸመችው እናትየው ራሷ ናት። የልጇን ደም አይታ በየት በኩል ታመዛዝን!

የክፍሉን በር ገፋ አድርጋ ስታይ ልጇ ድንቢጥ መስኮቱ ላይ ተለጥፋለች። ድንቢጥ ያሏት አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስለማታውቅ ነው፤ አሁን ግን ድርቅ ብላ ቆማለች። ውጭ የክፍሏ ልጆች ገመድ ይዘላሉ። እነሱ ሲቆጥሩ የእሷም ከንፈር ይቆጥራል፤ ተረከዟ ሳይታወቃት ብድግ፣ ብድግ ይላል።

"ድንቢጤ፣ እንዲህ ናፍቀውሽ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"እንቅልፍ እንዳልነሳሽ ነዋ፣ እማዬ። ክፍሉን ከሰጡኝ ወዲህ ደህና መተኛት ጀምረሽ ነበር።"

እናትየው በቀጥታ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች።

"ልጄ ወደ ክፍሏ ትመለስልኝ።"

"እርስዎ አይደሉ እንዴ የጠየቁኝ?" አሉ ዳይሬክተሩ። "መመሪያውም ተጎጂዋን ጠብቁ ነው የሚለው።"

"ጠብቃችሁልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የገፈተሯት ከጓደኞቻቸው ጋር ይማራሉ፤ የተገፈተረችው ከግድግዳ ጋር። የተቀጣው ማነው?"

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑማ ይቀላት ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ።

"እንደገና ቢነኳትስ?"

እሷም ቀን ከሌት የምትፈራው ይህንኑ ነው። "አስተማሪ የሚመድቡላት ከሆነ፣" አለች፣ "ደረጃው ላይ ይመድቡልኝ።"

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "እሺ፣ መጀመሪያ እረፍቱን ትውጣ" አሉ በመጨረሻ። "ወደ ክፍሏ ስለ መመለሷ ዛሬውኑ ከአስተማሪዎቹ ጋር እንነጋገራለን።"

እናትየው ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ወዳለው ክፍል ተመልሳ ስትነግራት፣ ድንቢጥ እየሮጠች ወጣች። እናትየው መስኮቱ ጋ ቀረች። ልጅቷ ገመዱ ዘንድ ስትደርስ ፍርሃት ያዛት፤ ራቅ ብላ ቆመች። ገመዱ ቆመ።

"ውይ! ትምህርት ቤት የቀየርሽ መስሎን እኮ!" ብላ ጮኸች አንዷ። "የት ነበርሽ?"

"እዚያ" አለች ድንቢጥ፣ በጣቷ እየጠቆመች።

ልጆቹ ሁሉ ዞረው ወደ መስኮቱ አዩ። እናትየው የምትገባበት ጠፋት፤ ግን ገመዱ ድንቢጥን ይዞ እንደገና መዞር ሲጀምር ከመስኮቱ መራቅ አልቻለችም።