ድስቱ ይደፈን ወይስ ይቅር

እና እጇ ግማሽ መንገድ ላይ ነው፣ ከጠረጴዛው በላይ ከትከሻዋ በታች፣ የጎልፍ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዳኛው በመነጽራቸው አናት ያዩዋታል፣ ዶክተር፣ እጅ ማውጣትሽ ነው ወይስ ጸጉርሽን ማስተካከልሽ? ሳቅ። ሦስት ይደፈን ብለዋል፣ ሦስት ይቅር፣ የቀረችው እሷ ናት፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ እጇ ከወጣ ሰባተኛው መጫወቻ ላይ ያለው ሰርጓዳ መሬት፣ ሁሉም ድስቱ የሚሉት፣ ሰኞ አፈር ይሞላበታል፣ ካልወጣ እንዳለ ይቀራል።

ይደፈን ልትል ቃል ገብታለች። ለእህቷ ባል፣ ለኢንጂነሩ፣ ይኸው ፊት ለፊቷ እርሳሱን ያሽከረክራል። ጥሩ ሜዳ ማለት ፍትሕ ያለው ሜዳ ነው ይላል፣ አሳምረህ ስትመታ የሚክስህ፣ ስታበላሽ የሚቀጣህ፣ ድስቱ ግን የጎበዙንም የሰነፉንም ኳስ አንከባሎ አንድ ቦታ ይከታል። እውነቱን ነው። ዳኛው ካላስለቀሰ ሜዳ አይባልም ባይ ናቸው፣ ችሎት ላይ ያስለቀሱት አልበቃ ብሏቸው፣ ለእህቷ ጥላና ቅርብ መጸዳጃ ቤት ካለው ገነት ነው፣ እሷስ? ሳምንቱን ሙሉ የሰው አፍ ላይ ጎንበስ ብላ ከርማ እዚህም መጥታ ጉድጓድ ውስጥ ጎንበስ፣ ኧረ ይደፈን፣ ይደፈንና እንገላገል፣

ግን ዛሬ ጠዋት። ኢንጂነሩ መታ፣ ኳሱ አየሩን ሰንጥቆ ሄደና ተንከባሎ ድስቱ ውስጥ። እሷ መታች፣ ጠማማ፣ ድስቱ ውስጥ። አባቷ መቱ፣ የሰማንያ ዓመት ትከሻ ምን ይመታል፣ ኳሳቸው ቁልቁለቱን ቀስ፣ ቀስ፣ ቆም ልትል ብላ ተወችው፣ ቀስ፣ ጠቅ! ከኢንጂነሩ ኳስ ጋር ተሳሳመች። ደረስኩባችሁ! ዱላቸውን እየነቀነቁ፣ አንተ ጎረምሳ፣ ያን ሁሉ ጉልበት ያፈሰስከው እዚህ ቆመህ እኔን ለመጠበቅ ነው? ኢንጂነሩ እንኳ ሳቀ፣ ሳቀ እንጂ፣ አይታዋለች።

ሌላው ቦታ ሁሉ ከኋላ ናቸው። ሂዱ ልጆቼ፣ እደርሳለሁ ይላሉ፣ አይደርሱም። እዚያ ድስቱ ውስጥ ብቻ።

በመስኮቱ ይታዩዋታል፣ በረንዳው ላይ በጃንጥላ ምት ይለማመዳሉ፣ ወገብ ወደ ቀኝ፣ ወገብ ወደ ግራ፣ እንዴ፣ ጃንጥላው መሃል ላይ ቧ ብሎ ተከፈተባቸው፣ ብቻቸውን ይስቃሉ፣ እሷም፣ አፏን ይዛ፣

ዶክተር፣ እየጠበቅን ነው።

ኢንጂነሩ ቅንድቡን ያነሳል፣ ምን ነካሽ እንደማለት፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ቅዳሜ ድስቱ ውስጥ እንደ ልብህ ትወቅሰኛለህ፣ አባባም ይደርሱብናል፣ እጇ ይወጣል፣ ከትከሻ አልፎ፣ ከአገጭ አልፎ፣ ጸጉሯን ከጆሮዋ ኋላ ሸጎጥ ያደርጋል።

ጸጉሬን ነው፣ ክቡር ዳኛ።