በስህተት የተላከ ግጥም

ኃይለየሱስ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሲኖር ግጥም እንደሚጽፍ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሥራው የሠራተኛ ሻትል መንዳት ነው። ጠዋት ሰዎቹን ሳንሆዜ ያደርሳል፣ ወደ ማታ ይመልሳቸዋል። በመሃል ያለው ሰዓት የራሱ ነው። ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል፣ ውዳሴ ማርያም ይደግማል፣ ከዚያ ይጽፋል። መነጽሩን የረሳ ቀን ደግሞ ግጥሙን በድምፅ ቀርጾ በስልኩ ለራሱ ይልካል።

አንድ ማክሰኞ ለራሱ የላከ መስሎት ለቤተ ክርስቲያኑ ግሩፕ ላከው። መቶ አርባ ሰው ያለበት፣ ስለ ፓርኪንግና ስለ በዓል ዝግጅት ብቻ የሚወራበት ግሩፕ ነው። እዚያ መሃል የኃይለየሱስ ድምፅ ዱብ አለ፦

ሰብሳቢዋን እርስዎ፣ ሰባኪውን እርስዎ፣
ቀዳሹንም እርስዎ፣ ሽማግሌን እርስዎ፤
አንተን ብቻ አንተ፣ አንድዬ ያልኩህ፣
መንገድ ሲዘጋጋ ከጎኔ ያለህ።
በቅዳሴ መሃል ቆሜ ባንቀላፋ፣
እምነቴ አይደለም፣ እንቅልፌ ነው የጠፋ።

ብዙም ሳይቆይ ልጁ መቅዲ ደወለች። እዚሁ የተወለደች፣ ሳንሆዜ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን እንግሊዝኛው ይቀድማታል።

«አባዬ፣ ግሩፑን ቼክ አድርገሃል?»

«የምን ግሩፕ?»

«ኦ ኖ» አለች።

ሊያጠፋው ሞከረ። ያለ መነጽሩ ቁልፉን ስቶ ይባስ ብሎ ሁለተኛ ላከው። ያን ጊዜ ወይዘሮ ካሳነሽ ደወሉ። የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ናቸው፤ ነርስ ሆነው አርባ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሕፃን ካልሆነ በቀር ማንንም አንተ ብለው አያውቁም።

«አቶ ኃይለየሱስ፣ ሰብሳቢዋ ያሉት እኔን ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ በጠቅላላው ሰብሳቢ ለማለት ነው።»

«በጠቅላላው ሰብሳቢ እኔ ብቻ ነኝ» አሉና ዘጉት።

እሑድ ቅዳሴ ላይ ኃይለየሱስ ከሁሉ ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሲወጡ እንደሱ ሹፌር የሆኑ ሁለት ሰዎች እጁን ጨብጠው ቶሎ አልለቅ አሉት።

በማግስቱ ጋሽ ሳህሌ ደወሉለት። ጋሽ ሳህሌ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ ጂኦሎጂ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ከሄዱ ዘመን ሆኗቸዋል። በወር አንድ እሑድ ከሰዓት ቴሌግራፍ በሚባለው ጎዳና ላይ ባለ ምግብ ቤት የግጥም ንባብ ያዘጋጃሉ።

«ግጥምህ በሦስት ሰው በኩል ደርሶኛል። መጥተህ አንብበው።»

«ጋሽ ሳህሌ፣ እርስዎ እኮ በዚህ ነገር አያምኑም።»

«በግጥም አምናለሁ» አሉት።

ንባቡ ላይ አማርኛ የማያነቡ ወጣቶችም ስለሚመጡ መቅዲ ግጥሙን ትራንስሌት እንድታደርግ ተለመነች። ቅዳሜ አባቷ ቤት መጥታ ወረቀቱ ላይ ብዙ አቀረቀረች።

«ፕሮብሌም አለ» አለች በመጨረሻ። «ኢንግሊሽ ላይ እርስዎም ዩ ነው፣ አንተም ዩ ነው። ሰብሳቢዋና እግዚአብሔር እኩል ሆኑ።»

«እሱን እትዬ ካሳነሽ እንዳይሰሙ» አላት።

ሁለቱን ቃላት በአማርኛ እንዳሉ ሊተዉአቸው ተስማሙ።

እሑድ ኃይለየሱስ ሊያነብ ሲነሳ ፊት ለፊቱ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ወይዘሮ ካሳነሽ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው። እሳቸውን ላለማየት ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ አነበበ። እንቅልፉ ጋ ሲደርስ ሊሰሙት የመጡት ሁለቱ ሹፌሮች ሳቁ።

መቅዲ ተነሳች። አንተ ማለት ለጓደኛ፣ ለወንድም፣ ለባል የሚባል ቃል እንደሆነ ለወጣቶቹ በእንግሊዝኛ አስረዳች። «እናም ለእግዚአብሔር» ስትል ድምፅዋ ቀነሰ። እስከዚያች ደቂቃ እሷም ልብ ብላው አታውቅም ነበር።

ጋሽ ሳህሌ ለማመስገን ቆሙ።

«እኔ ከአንድዬ ጋር ከተነጋገርን ቆይተናል» አሉ። «ግን ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ አንተ የሚለኝ ሰው የለም። ጓደኞቼ አልፈዋል። ሁላችሁም እርስዎ፣ እርስዎ ትሉኛላችሁ። ይህን ግጥም እስክሰማ ድረስ የጎደለኝ እሱ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።»

ወይዘሮ ካሳነሽ ቦርሳቸውን ወደ ጎን አደረጉ።

«በዕድሜ እኩያ ነን መሰለኝ» አሉ።

«ሰባ ስድስት ሞላኝ» አሉ ጋሽ ሳህሌ።

«እንዲያውም ባንድ ዓመት እበልጥሃለሁ። በል አንተ፣ ተቀመጥ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ሳህሌ እንደታዘዙት ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ደግሞ አውልቀው ጠረጉ።

ሲለያዩ ወይዘሮ ካሳነሽ ኃይለየሱስን በሩ ላይ ያዙት። «ግጥሙ ጥሩ ነው። ግሩፑ ግን ለማስታወቂያ ነው፣ አቶ ኃይለየሱስ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

መኪና ውስጥ መቅዲ «ሌላ አለህ?» አለችው።

«ሰባት ደብተር።»

«ሰባት! ለምን ሾው አላደረግከኝም?»

«አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ላፕቶፕዋን ይዛ መጣች። የመጀመሪያውን ደብተር ገልጠው ጎን ለጎን ተቀመጡ። የመጀመሪያው ግጥም «እንደው» ብሎ ይጀምራል።

«'እንደው' ሚንስ ዋት?»

«እንደው ማለት... እንደው ነዋ።»

«አባዬ።»

«ቆይ፣ ላስረዳሽ» አለና ወንበሩን አስጠጋ። የምሳ ሰዓት አልፎም ገና እዚያው ቃል ላይ ነበሩ።